በጥፍር ቀለም የታሸገው ኢንቨርተር

እትዬ ወርቄን «ቤት እያለዎት መኪና ውስጥ ለምን ያድራሉ?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። «ያንተስ ቤት የማይንቀሳቀሰው ምን ሆኖ ነው?» ይሉታል። ደግሞ የጠየቃቸው የለም።

ከአስኮ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ግቢያቸው ውስጥ ደህና ቤት አላቸው፤ እሱን አከራይተውታል። እሳቸው የሚኖሩት እዚያው ግቢ በቆመች አሮጌ የጉዞ መኪና ውስጥ ነው። አልጋ አላት፣ ፍሪጅ አላት፣ ምድጃ አላት፤ ጣሪያዋ ላይ ሶላር ተዘርግቷል። ሰፈሩ «መርከቧ» ይላታል። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ እትዬ ወርቄ ቁልፉን ያዞሩና ወደ ደቡብ ይነዳሉ፤ የድሮ ባልደረቦቻቸውን እየጠየቁ ጂንካ ድረስ ይወርዳሉ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጉልበታቸው ታድሶ ነው።

ዕድሜያቸውን የፈጁት በመንገድ ሥራ ካምፕ ምግብ በማብሰል ነው። ካምፑ በተነሳ ቁጥር ከነድስታቸው አብረው ተነስተዋል። ባላቸውን ያገኙትም፣ በአደጋ ያጡትም እዚያው ካምፕ ነው። ልጃቸው ሳያትም የተወለደችው አቧራ ውስጥ ነው፤ ትልቅ ስትሆን ፎቅ ላይ ለመኖር የማለችውም ያኔ ነው። እናም መሐላዋን ጠብቃ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። መርከቧን ግን የመንገድ ሥራ ድርጅቱ በጨረታ ሲሸጣት የካምፑ ወንዶች እየሳቁ እትዬ ወርቄ ገዟት። መንጃ ፈቃድ ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ተስቆባቸዋል፤ እሳቸው ግን የሳቀባቸውን ሁሉ በፍሬቻ ተሰናብተው አለፉት።

ጣጣው የመጣው በእሑድ ፕሮግራም ነው። መዘምራኑ ሞቅ ባሉበት ሰዓት መብራት ጠፋ። የቤተ ክርስቲያኑ የድምፅ ባለሙያ ዮኤል ሮጦ መጣና «እትዬ፣ ከመርከቧ መብራት እንሳብ?» አላቸው። እትዬ ወርቄ ለጌታ ሥራ እምቢ አይሉም፤ መኪናዋን አስጠግተው ገመዱን ሰጡትና ሊዘምሩ ገቡ። መርከቧ ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር የሚባል ሳጥን አለ። ይህ ሳጥን ፍሪጅና አምፖል ይችላል እንጂ የአንድን አዳራሽ ድምፅ ማጉያ አይችልም። ጢጥ ጢጥ ብሎ ጮኸ፣ ከዚያ ፊውዙ ተቃጠለ።

የድሮ ሹፌሮች የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብር ወረቀት ይጠቀልሉ ነበር። ዮኤል ሲጋራ በአፉ ዞሮ ስለማያውቅ በማስቲካ ወረቀት ጠቀለለው። ጽድቁ ለሌላው ነገር ይቆጠርለት፤ ለፊውዙ ግን ምንም አልጠቀመም። መብራቱ መጣ፣ ሃሌሉያው ቀጠለ፤ ከጥቂት በኋላ በመርከቧ መስኮት ጭስ ወጣ። መጀመሪያ ያየችው እናቷን ልትጠይቅ የመጣችው ሳያት ናት። ጩኸቷ ከመዝሙሩ በላይ ተሰማ።

ጭሱ ከጠፋ በኋላ እናትና ልጅ መርከቧ ደጃፍ ላይ ተፋጠጡ።

«በቃ እማዬ። ይሄ ምልክት ነው» አለች ሳያት።

«ምልክትማ ነው። ማስቲካ የሚታኘክ እንጂ ኤሌክትሪክ የሚቀጠልበት እንዳልሆነ።»

«እኔ ቀልድ ላይ አይደለሁም! ዛሬ ኢንቨርተር፣ ነገ ባትሪ፣ ከነገ ወዲያ ሞተር። ሽጫትና እኔ ጋ ነይ። ክፍልሽን አዘጋጅቻለሁ፤ መጋረጃ ሁሉ ሰቅያለሁ።»

መጋረጃው ነው እትዬ ወርቄን ያናደዳቸው። ሳይጠየቁ መጋረጃ! ንዴት ደግሞ አፍ ያስከፍታል። «ገሜዳ ይየው» አሉ። «ገሜዳ አይጠገንም ካለ ዓለም ባንክ እመጣለሁ። ቃሌ ነው!»

ገሜዳ ዘነበወርቅ አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ያለው፣ ግዙፍና ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። እጁ የነካው ነገር ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም ይባላል፤ እትዬ ወርቄም እሱን ተማምነው ነው ቃላቸውን የሰጡት። ሳያት «እሺ» ስትል ግን የቸኮለች መሰላቸው። አፋቸውን ቢመልሱት ወደዱ። ቃል የሰጠ ሰው ግን ቃሉን አይበላም፤ ወርቄ ደግሞ ከሁሉም በላይ።

ኢንቨርተሩን ከመስጠታቸው በፊት ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረጉ። በዚህ ከተማ ዕቃውን ምልክት ሳያደርግበት ለጥገና የሚሰጥ የለም። አንዱ በምስማር ይጭራል፣ አንዱ ስሙን ይጽፋል፤ ጥሩው ክፍል ወጥቶ አሮጌ እንዳይገባለት ነው። እትዬ ወርቄ ከካምፑ መካኒኮች የተማሩት የተሻለ ዘዴ አላቸው። ሳያት ረስታው የሄደችውን ቀይ የጥፍር ቀለም ከመሳቢያ አውጥተው በየብሎኑ ራስ ላይ፣ ግማሹ ብሎኑን ግማሹ ቆርቆሮውን እንዲይዝ አድርገው ጠብ ጠብ አደረጉት። ደርቆ የያዘ ቀለም ብሎኑ ሲፈታ መሰንጠቁ አይቀርም። ገሜዳን ጠርጥረው አይደለም፤ ከእግዚአብሔር በቀር ለማንም ያለ ምልክት ዕቃ አይሰጡም።

በቀጠሮው ቀን ከሳያት ጋር ሄዱ። ገሜዳ ቆሞ ተቀበላቸው፤ ወንበር ጠርጎ አስቀመጣቸው። ዓይናቸውን ግን አላያቸውም።

«አዝናለሁ እትዬ። ከፍቼ አየሁት፤ ቦርዱ እንዳለ ከስሏል። ከእንግዲህ ለቁራሌው ነው።»

እትዬ ወርቄ ልባቸው ስንጥቅ አለ። አራተኛው ፎቅ መጣባቸው። መጋረጃው፣ ሶፋው፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን፤ «እማዬ፣ በላሽ? እማዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?» መባሉ መጣባቸው። ለዘመናት ለአንድ ካምፕ ሙሉ ሰው «ምን ትበላላችሁ?» ሲሉ የኖሩ ሴት ሊጠየቁ ነው። መርከቧ ስትሸጥ፣ የማያውቁት ሰው ቁልፏን ሲያዞር ታያቸው። እንባቸው መጣ፤ ሊያዩባቸው ስላልፈለጉ ጎንበስ አሉና ኢንቨርተሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። እንደ መሰናበት አድርገው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

ጣታቸው ብሎኑ ላይ ቆመ። ቀዩ ቀለም ልሙጥ ነው። ሁለተኛውን ነኩ፤ ልሙጥ። ገልብጠው አዩት። አንድም የተሰነጠቀ የለም።

«ገሜዳ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከፍተህ ነው ያየኸው?»

«አዎ እትዬ።»

«በየት በኩል?»

ገሜዳ ሳያትን አያት። እትዬ ወርቄም ዞረው አዩዋት። ልጅቷ ፊቷ ነደደ።

«ደውላ ለመነችኝ» አለ ገሜዳ፤ ያ ግዙፍ ሰው ወንበሩ ውስጥ ሊገባ ደረሰ። «የእናቴ ሕይወት ነው አለችኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አዎ ደውያለሁ!» አለች ሳያት ማልቀስ ጀምራ። «ጭሱ ከአልጋሽ ሥር ሲወጣ አይቻለሁ! ተኝተሽ ቢሆንስ? ስንቴ ለመንኩሽ? ስንቴ እምቢ አልሽኝ?»

«እምቢ ብያለሁ። ነገም እላለሁ። ፍርሃትሽ ይገባኛል ሳያት፤ አባትሽን ያጣሁ እኔ ፍርሃት አታስተምሪኝም። አንቺ ግን እምቢዬን ሰረቅሽኝ።» ኢንቨርተሩን ከጭናቸው አንስተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ገሜዳ፣ ካቻቢቴህን አምጣ። እኔ እያየሁ ትከፍታለህ።»

ከፈተ። ቀለሙ እየተሰነጠቀ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ክዳኑ ሲነሳ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ፤ የማስቲካው ወረቀት ቀልጦ ፊውዙ ላይ ተጣብቋል። ገሜዳ መብራት አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየ። በመለኪያው አንድ በአንድ ነካ። አሁን እያፈረም ቢሆን ሥራውን እየሠራ ነው።

«እውነቱን ልንገርዎት?»

«ታዲያ ለምን መጣሁ?»

«ይጠገናል። የፈነዱትን ትራንዚስተሮች ብቀይር ይነሳል። ነገር ግን ቦርዱን እዚህ ጋ ሙቀት በልቶታል፤ ይኸው ይዩት። ይሠራል፣ መቼ እንደሚከዳ ግን አላውቅም። የእናቴ ቢሆን አልጋዋ ሥር አላስቀምጠውም።»

ሳያት እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። «አየሽ እማዬ!»

«አንቺ ዝም በይ። ተራሽ አልደረሰም።»

ገሜዳም ሳያትም የጠበቁት አንድ ነገር ነበር፤ እልኸኛዋ ወርቄ «ጠግነው!» ብለው ጠረጴዛ ይመታሉ ብለው ነው። የአሮጌ ዕቃ ፍቅር ይዟቸው መርከቧ ውስጥ የሚኖሩ የሚመስለው ብዙ ነው። ሴትዮዋን አያውቋቸውም። ካምፕ ውስጥ ድስት ሲቀደድ አንዴ ያስበይዳሉ፤ ሁለተኛ ሲቀደድ ራሳቸው ከኩሽናው በር አሽቀንጥረው ይጥሉታል። ለድስት አልቅሰው አያውቁም።

«አዲስ እገዛለሁ» አሉ። «ይሄን ለቁራሌው ስጠው።»

ሳያት ግራ ገባት። «ታዲያ ከተጣለ... ቃልሽስ?»

«እሱ አይጠገንም አላለም፤ ይጠገናል ነው ያለው። አልፈልገውም ያልኩት እኔ ነኝ። መጣል አውቃለሁ ሳያት። የማልችለው ሌላ ሰው ሲጥልልኝ ነው።» ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ዓለም ባንክም ቢሆን እመጣለሁ። ቅዳሜ ጠብቂኝ።»

አዲሱን ገሜዳ ራሱ መርጦ ገጠመላቸው፤ የእጁን ዋጋ አልቀበልም ቢልም ኪሱ ከተቱለት። ኢንቨርተሩ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ተቀመጠ። ይህን ያዘዙት እትዬ ወርቄ ናቸው። ሳያት መዋሸቷ እንጂ መፍራቷ ስህተት እንዳልነበር ያውቁታል፤ ለጊዜው ግን ሊነግሯት አላሰቡም። ዮኤል ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ «ና፣ ገመዱን ያዝ» አሉትና ትክክለኛው ፊውዝ ሲገባ ዓይኑን ሳይነቅል እንዲያይ አደረጉት። አፉን አስከፍተው ማስቲካ አለመያዙንም አረጋገጡ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መርከቧ ዓለም ባንክ ገባች። ሚኒባሶች ክላክስ አደረጉባት፤ እሳቸውም መለሱላቸው። የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ በሩ ላይ አስቆማቸው።

«ማን ቤት ነው እትዬ?»

«የራሴ ቤት።»

ጥበቃው አልጋውንና ድስቱን በመስኮት አይቶ ምን እንደሚመልስ ሲያስብ አልፈውት ገቡ። ከሳያት ብሎክ ሥር አቆሙና ክላክሱን ጫን አደረጉት። በየበረንዳው ሰው ወጣ። ከአራተኛው ፎቅ ሳያት ጎንበስ ብላ አየች።

«ዓለም ባንክ መጥቻለሁ!» አሉ እትዬ ወርቄ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ራት ሠርቻለሁ! ውረጂ!»

ሳያት በነጠላ ጫማ ወረደች። መጀመሪያ አኮረፈች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ በላች። ፍሪጁ እየተነሳ ሲያጉረመርም ደንገጥ ብላ ወደ አዲሱ ሳጥን ዞረች፤ እጇን ዘርግታም ሙቀቱን ለካች። እናቷ አላፌዙባትም። መሳቢያውን ከፍተው ቀዩን የጥፍር ቀለም ሰጧት።

«ያንቺ ነው። አዲሱ ገና ምልክት አልተደረገበትም።»

ሳያት ተንበርክካ፣ የራሷን ጥፍር እንደምትቀባ ተጠንቅቃ፣ በየብሎኑ ላይ ጠብ አደረገች። ሲያልቅ ለማድረቅ እፍ እፍ አለችበት። «ማን እንዳይነካው ነው?»

«አንቺ።»

ሳያት አንገቷን ደፋች። «መቼ ትሄጃለሽ?» አለች።

«ጠዋት። ጂንካ።»

ሳያት «እምቢ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ክዳኑን አጥብቃ ዘግታ ቀለሙን ለእናቷ መለሰችላቸው። እትዬ ወርቄ ተቀብለው መሳቢያው ውስጥ አኖሩት፤ የልጃቸውንም እጅ ያዙ።

«ስትፈሪ ደውይ» አሏት። «ለገሜዳ አይደለም። ለእኔ።»