ማመልከቻ ትተን ሰሌዳ ያቆምን ጊዜ

የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኗል ተብሎ በሬዲዮ በተነገረ ሰሞን፣ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤቱ አጠገብ የነበረችው ቢሯችን ጭር አለች። ሁለት ሰዎች ነበርን። አለቃዬ ዕድሜውን ሙሉ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ራፖር ጸሐፊ ነበር፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ታይፕ ተምሬ የተመለስኩ የሃያ ሦስት ዓመት ሴት። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ይለኛል።

እንጀራችን የመሬት ክርክር ነበር። ከአንኮበርም ከጫጫም ወንድም ወንድሙን ሊከስ ይመጣል፤ ባለጉዳዩ ይናገራል፣ አለቃዬ ያሳምራል፣ እኔ በታይፕ እመታለሁ። የሚካሰሱበት መሬት ሲወረስ ከሳሹም ተከሳሹም ጠፋ። ወር ሙሉ የታይፑን አቧራ ስጠርግ ከረምኩ።

አንድ ጠዋት አለቃዬ ሜትር ይዞ ገባ።

«ደብዳቤ አንድ ሰው ነው የሚያነበው፤ ሰሌዳ ግን አገር ያነበዋል» አለኝ። «መጻፉ የኛ፣ ማሳመሩ የኛ፣ የሚሰቀልበት ቦታም የኛ። ነጋዴው ስሙን ከነገረን በቃው።»

በደሴ መንገድ፣ ከቢሯችን መስኮት አጠገብ፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት፣ ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ አቆምን። በመስመር ከፋፍለን ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንዳንድ ቦታ ሰጠን። ልብስ ሰፊው መጣ፣ ባለ ወፍጮው መጣ፣ ባለ ሆቴሉ መጣ። ፊደሉን በማስመሪያ እየለካሁ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አልዋሽም፣ ወደድኩት። ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ቆሞ ሲያነብልኝ ልቤ ይሞቅ ነበር።

የመሐለኛውን ቦታ የወሰዱት ከአሊዩ አምባ በርበሬ እያስጫኑ የሚወጡ ነጋዴ ናቸው። ሁላችንም ሐጂ እንላቸው ነበር።

«ልጄ፣ ከስሜ በላይ ሚዛን ሳዪልኝ» አሉኝ። «የኛ አገር ሰው ፊደል ባያውቅ ሚዛን ያውቃል።»

ሳልኩላቸው። አይተው ሳቁ፤ ለእናቴም አንድ ቁና በርበሬ ላኩላት።

በዓመቱ ክረምት ሲገባ በርበሬ ከገበያ ጠፋ። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ጠመንጃውን አንግቶ ቢሯችን ገባ። አለቃዬ ወንበሩን እየገፋ ተነሣ።

«ሰሌዳው ለአብዮቱ ይፈለጋል» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ዱሮስ የማን ሆነና፣ ጓድ!»

ሊቀ መንበሩ ወረቀት አወጣ። ሐጂ በዚያ ጠዋት ታስረዋል፤ በርበሬ ደብቀው ተገኝተዋል ነው የሚለው። በርበሬው የተገኘው ዝናብ እንዳይነካው ብለው ካስቀመጡበት ከኪራይ ቤታቸው ነበር፤ ቁልፉንም በእጃቸው አውጥተው የሰጡት ራሳቸው መሆናቸውን ኋላ ሰማሁ። ስማቸው ከላይ፣ ከሥሩ «ስግብግብ ነጋዴ፣ የሕዝብ ጠላት» ተብሎ እንዲጻፍ ታዘዘ።

«ሰሌዳው እኮ ሞልቷል» አልኩ፣ ማምለጫ ያገኘሁ መስሎኝ።

አለቃዬ ፈገግ አለ። «ሰውየው የራሱ ቦታ አለው አይደል እንዴ? እዚያው ላይ ጻፊው። ሚዛኑንም አትንኪው፣ ይስማማል። ብቻ በቀይ ይሁን።»

ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። እስከ ዛሬ ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ አፌ ይመርራል።

ሊቀ መንበሩ ከወጣ በኋላ «ጋሼ፣ ሰውየው ደንበኛችን ናቸው» አልኩት።

«ደንበኛችን አሁን የወጣው ነው» አለኝ፣ በአገጩ ወደ በሩ እያመለከተ።

ጻፍኩት። መጻፌን በፍርሃት ላመካኝ እችላለሁ፤ ያኔ ማን ያልፈራ አለ? ከሁሉ የሚያስጠላኝ ሌላ ነው። «ጠላት» ከሚለው ቃል አንዱ ፊደል ዘመም አለብኝ። በጋዝ ጠርጌ፣ ለክቼ፣ ቀጥ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። አስተካክዪው ያለኝ ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሐጂ ባለቤት ከቆላ መጡ። ባላቸው ከገበያ ሳይመለሱ ቀርተው ፍለጋ የወጡ ናቸው። ቀለም ላድስ ወጥቼ ሰሌዳው ሥር አገኙኝ።

«ይሄ ሚዛን የኛ ነው አይደል?» አሉኝ። «እሳቸው አጫውተውኛል። ምን ይላል፣ ልጄ?»

ብሩሹን ከኋላዬ ደበቅኩ። «የዕቃ ማስታወቂያ ነው፣ እማማ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ። ሰውየውንስ አላየሻቸውም?»

«አላየኋቸውም።»

ትንሽ ቆመው አዩኝና ወደ ፖሊስ ጣቢያው መንገድ ሄዱ። ስገባ አለቃዬ በመስኮት ሲያዳምጥ ኖሯል።

«ጎበዝ!» አለኝ። «ደንበኛ ማስደንገጥ ደግ አይደለም።»

በዚያው ቀን ትቼው ወጣሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ሦስት ወር ቆየሁ። ልብስ ሰፊው ቦታውን ለቀቀ፤ ባለ ወፍጮው ተከተለው፤ የለቀቁትን ሁሉ ቀበሌው በሰው ስም ሞላው። አለቃዬ አዲስ ካፖርት ለበሰ፤ በስብሰባ ላይ ከፊት ይቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን «ለስሞቹ የሚሆን ያማረ የፊደል ቅርጽ ፈልጊልኝ፣ ይሄኛው ሰለቸኝ» አለኝ። ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እናቴ ታማለች አልኩት። እናቴ ደህና ነበረች። አወጣጤም በውሸት ሆነ።

አንኮበር ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ኅዳር ላይ ሐጂ በርበሬአቸው ተወርሶ እንደተፈቱ ሰማሁ። በገበያ ቀን ቁልቁለቱን ይዤ አሊዩ አምባ ወረድኩ። ባለቤታቸው ጥቂት በርበሬ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጎናቸው ቁጢጥ ብዬ «እማማ፣ ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው።

«ቀዩ ቀለም ጣትሽ ላይ ነበር» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። «ፊደል አላውቅም እንጂ ዓይን አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ብጮህ ይፈቱልኝ ነበር? አንቺም ፈርተሻል፣ እኔም ፈርቻለሁ።» በርበሬውን በእጃቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና «እሳቸው አለቃሽ የጻፈው ነው የሚመስላቸው። እንደዚያው ይቅር። ሰላም እያሉሽ ይኑሩ» አሉ።

ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ አገኙኝ። ከስተዋል። የእናቴን ጤና ጠየቁኝ፤ እኔ መሬት መሬት እያየሁ መለስኩላቸው። ያን ዕለት ዳገቱን ስወጣ በራሴ ላይ የተሰማኝን ጥላቻ በሌላ በማንም ላይ ተሰምቶኝ አያውቅም፣ በአለቃዬም ላይ ቢሆን።

እሱን ከዓመታት በኋላ ጫጫ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አገኘሁት። ደህና ወፍሯል። አቅፎ ሊስመኝ ተጠጋ፤ ሸሸሁ። አላስተዋለም። አሁን የሰርግ መጥሪያ ካርድ ሥራ እንደጀመረ፣ እንደ እኔ ያለ እጅ እንዳጣ እየነገረኝ ነበር።

«ተመለሺ እንጂ» አለኝ። «ያንቺን ፊደል እኮ ሰው እስካሁን ያነሣዋል።»

አውቶቡሱ ሳይሞላ ገብቼ ተቀመጥኩና መስኮቱን ዘጋሁት።