የአደራዋ ኤሊ ውሃ

የበረኪና ሽታ ለብዙ ሰው የንጽህና ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የፍርሃት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ያለውን የኮንዶሚኒየም ቤታችንን በር ስከፍት አፍንጫዬን መታኝና ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ሳሎን ሮጥኩ። ልጄ ማህሌት በኤሊዋ የመስታወት ገንዳ ላይ ክዳኑ የተከፈተ የበረኪና ጠርሙስ ልታዘነብል ነው። የገንዳው ውሃ ጎመን የተቀቀለበት መስሏል፤ ኤሊዋ በአረንጓዴው ውስጥ እንደ ጥላ ነው የምትታየው። ጠርሙሱን ቀማኋት።

«ልትገያት ነው እንዴ?»

«አባዬ ደግሞ! ላጸዳላት ነው እንጂ።»

ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ እርግጠኝነት፣ ከእናቴ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ያደግኩት ከዚህ ብዙም በማይርቅ፣ አቃቂ ወንዝ ዳር ባለ የቀበሌ ግቢ ነው። እኩዮቼ ስለ ድሮ ሲያወሩ ወንዙን እንኳ አጥርተው፣ ዓሣ ጨምረውበት ነው፤ እኔ የማስታውሰው ወንዝ ግን ከላይ ያለው ፋብሪካ በዕለቱ ያቀለመውን ጨርቅ ቀለም ይዞ የሚወርድ፣ ሰኞ ሰማያዊ ማክሰኞ ቀይ የሆነ ወንዝ ነው። ግቢው ውስጥ ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ ነበር። ከቤቶቹ በአንዱ ብቻውን የሚኖረው ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው፣ ከአሰብ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ የተሳቢ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ከአዋሽ ዳር ያነሳትን የውሃ ኤሊ በሳፋ ይዞ መጣ። ኮምቦልቻ አያቷ ዘንድ ለምታድገው ልጁ ለዘሃራ ቃል የገባላት ኤሊ ናት፤ ከኮምቦልቻ በፊት ግን አንድ የአሰብ ጉዞ ይቀረው ነበርና በረሃው እንዳይገድልበት ፈራ። ሳፋውን እናቴ ደጃፍ አስቀምጦ «እትዬ አስካለ፣ አደራ» አለ። ወደ መኪናው ተመለሰ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ በሚባልበት ሰፈር እናቴ የራሷን ልጆች ብታስርብ ይታዘንላታል፤ የሰው አደራ ብታስርብ ግን ስሟ ከግቢው አልፎ ሳሪስ ይደርሳል።

እናም አላስራበችም። ማንም አላስራባትም። ኤሊዋ ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ውስጥ፣ ግቢው መሀል፣ ፀሐይ በሚያገኛት ቦታ እንደ ክብር እንግዳ ተቀመጠች፤ በዚያ ያለፈ ሁሉ አጎረሳት። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ጎመን፣ ከፈረቃ የሚገቡት ዳቦ፣ እኛ ልጆች ከሳህናችን የተረፈውን። ጠገብኩ ላለ እንግዳ «በሞቴ!» ማለት የለመደ ሕዝብ፣ ጠገብኩ ማለት የማትችል እንግዳ ሲያገኝ ማን ያቆመዋል? ያልበላችው ሁሉ በርሜሉ ሥር ዘቀጠ፤ ፀሐይ ከላይ ቀቀለው። ሳይቆይ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ በርሜሉን የሚያዳልጥ ነገር አለበሰው፤ የኤሊዋ ጀርባ ላይም በቀለ።

እናቴ ቆሻሻን እንደ ስድብ የምትቆጥር ሴት ነበረች። በርሜሉን በአሸዋ ፈተገች፣ ውሃውን ደፋች፣ እንደገና ሞላች፤ አረንጓዴው ተመልሶ መጣ። ጋሽ ሰይድ የሚመለስበት ቀን ሲቃረብ እትዬ ብርቄ በርሜሉ ላይ አጎንብሳ፣ «አስካለ፣ በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው ይሄን አይቶ ምን ይልሻል?» አለች። ይህ ለእናቴ በቃት።

«ላጸዳላት ነው» አለች እናቴ፣ የበረኪናውን ጠርሙስ እያነሳች። ኤሊዋን ሳታወጣ ደፋችው።

ኤሊዋ ተንፈራገጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ ከድንጋይ ልብሷ ሥር ሸጎጠችና ጸጥ አለች። እናቴ በባዶ እጇ አውጥታት ወደ ቧንቧው ሮጠች። ቧንቧው አፏጨና ዝም አለ፤ ውሃ ሄዷል። ወደ ወንዙ አየን፤ ቀይ ነበር።

«ውሃ ያላችሁ!» ብላ ጮኸች። በዚያ ግቢ ውሃ በሄደ ጊዜ የሰው ጀሪካን መንካት ለወር ያኳርፍ ነበር። ቀድማ የደረሰችው ግን ለሊጥ ያስቀመጠችውን ጀሪካን የተሸከመችው እትዬ ብርቄ ናት፤ ከኋላዋ በሩ ሁሉ ተከፈተ። ያጎረሷት እጆች በሙሉ በጣሳ፣ በጣሳ አፈሰሱባት። አንገቷን አላወጣችም።

እናቴ ኤሊዋን በተረፈው ውሃ ሳፋ ውስጥ አድርጋ ጨለማው ዕቃ ቤት ቆለፈችባት፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ማንም እንዳያያት፣ ማንም እንዳያጎርሳት። እኛ በበሩ ስንጥቅ ጆሯችንን ለጥፈን እናዳምጣለን፤ ምንም። ተሳቢ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር እናቴ የያዘችውን ሥራ ታቋርጣለች። በአቃቂ መንገድ ያን ያህል ተሳቢ እንደሚያልፍ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በመጨረሻ አንዱ ቆመ። እናቴ ሰላምታውን ሳታስጨርሰው «ሰይድ፣ በረኪና ደፍቼባት ነበር» አለችው፤ ሳፋውን ወደ ብርሃን አወጣች። ውሃው ከሥሩ የተሳለው የሳፋው አበባ እስኪቆጠር ጠርቷል። ኤሊዋ ግን ድንጋይ ናት። ጋሽ ሰይድ ቁጢጥ ብሎ ጣቱን ነከረ። ግቢው ሁሉ ወደ ሳፋው አጎነበሰ። ኤሊዋ አንገቷን ከጎን ቀስ ብላ መዘዘችና ነከሰችው።

«ወላሂ፣ ደህና ናት!» አለ ጣቱን እያራገፈ። «እትዬ አስካለ፣ እኔ እኮ ከአዋሽ ጭቃ ነው ያወጣኋት፤ ማን ንጽህና ጠየቀዎት?» እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቀች።

ለማህሌት ይህንን ነገርኳትና ገንዳውን ከመስኮቱ ፀሐይ አንስተን ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው። መስታወቱን በጨርቅ ብቻ ፈተግን፣ ከሥር የዘቀጠውን ምግብ አወጣን፣ ውሃውን በከፊል ቀየርን። ዕቃ ቤቱ ያስተማረን ይኸው ነው፤ ፀሐይና ጉርሻ ሲቀንስ አረንጓዴው የሚበላው ያጣል። ያለፈውን ዘመን ማሞገስ አልወድም፤ ወንዙ ቀይ ነበር ብያለሁ። ግን ከገንዳው ሥር ያወጣነው ምግብ ብዛት አስደነገጠኝ። እኛ ሕንጻ ውስጥ ኤሊ እንዳለን የሚያውቅ ሰው የለም፤ የፊት ለፊት ጎረቤቴን የማውቀው በቁልፉ ድምፅ ነው። ሚስቴ ቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ ትገባለች፤ እኔ ከታክሲ ሰልፍ ወጥቼ ቤት የምደርሰው ሲመሽ ነው።

«ማነው እንዲህ የሚያጎርሳት?» አልኩ።

«እኔ ነኛ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ማንም የለም። ምግብ ስጨምርላት ብቻ ነው አንገቷን የምታወጣልኝ።»

በእጄ የያዝኩትን የአረንጓዴ ውሃ ባልዲ አየሁት። ድሮ ውሃ እንዲህ አረንጓዴ እንዲሆን አንድ ግቢ ሙሉ ሰው ያስፈልግ ነበር።