የማትሞቀው መኪና

መኪና ጋራዤ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ቴርሞስታቱን መንቀል ነበር። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የምትዘጋ፣ ሲሞቅ የምትከፍት ትንሽ ክዳን ናት። «ይቺ ለብርድ አገር የተሠራች ናት፣ እዚህ ሞተር ከማቃጠል ሌላ ጥቅም የላትም» እያልኩ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ እወረውራታለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሶማሌ ተራ ያለን መካኒኮች ሁላችንም እንደዚያ ነበርን። ጣሳው ሲሞላ ይህን ሁሉ ሞተር ከቃጠሎ አዳንኩ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ወይ እኔ!

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች እንደ አሸን ፈሉ። በካርቡሬተር ያደግን ሰዎች በአንድ ጊዜ ሙቀቱንና ጭሱን እየለካ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግር ሴንሰር የሚባል ጣጣ ላይ ወደቅን። ከነዚያ መኪኖች አንዷን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ጎረቤቴ የነበሩ ጡረተኛ አስተማሪ ገዙ። ለራሳቸው አልነበረም። ባለቤታቸውን እግራቸው ከድቷቸዋል፤ ከቤት ወጥተው ቤተ ክርስቲያን የሚስሙት፣ እህታቸውን የሚጠይቁት መኪና ካለ ብቻ ነው። ጋሼ በገዟት ማግስት «አንተ እያት» ብለው አመጡልኝ። ፈተሽኩ፣ ዘይት ቀየርኩ፣ ቴርሞስታቷንም ነቅዬ ጣሳዬ ውስጥ ጣልኩ።

ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው መጡ። መኪናዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ቤንዚን እንደ ውኃ ትጠጣለች፣ ዳገት ላይ ተንገጫግጫ ትጠፋለች። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ መብራት በርቷል።

«ሌላም አለ» አሉኝ ጋሼ። «ማሞቂያው አይሞቅም። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴን እግሯን ይበርዳታል።»

ሳቅኩባቸው። «ጋሼ ደግሞ! አዲስ አበባ ተቀምጠው ማሞቂያ ምን ያደርግልዎታል? ጋቢ ይደርቡላቸዋ!» እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ።

የኮምፒውተር መመርመሪያ አልነበረኝም። የኛ ዘዴ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የመመርመሪያውን ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ፣ መብራቱ ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል መቁጠር ነው። ቆጠርኩ፤ የጭስ ማውጫውን ሴንሰር አመለከተኝ። ሶማሌ ተራ ሱቆች ሄጄ ያገለገለ አመጣሁ። ሻጩ «ወላሂ ጤነኛ ነው፤ ግን የኤሌትሪክ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ቀየርኩት፤ ጭሱ ያው። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ሳወጣቸው ጥላሸት ለብሰዋል። ጠርጌ መለስኳቸው፤ ሳምንት አልቆዩም። ከዚያ የውኃ ሙቀት ሴንሰሩን ጠረጠርኩ። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ በቴስተር ስለካው እንኳ ውኃው ቀዝቃዛ ነው ይላል። ያዝኩህ ውሸታም! ብዬ ወረወርኩት። ሌላ ገጠምኩ፤ እሱም ቀዝቃዛ ነው አለ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ሦስቱ ተማክረው ይዋሻሉ እንዴ ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት አልነበረኝም። ሻጩን ስሰድብ ዋልኩ።

ጋሼ ባለቤታቸውን ለንግሥ ይዘው ሲሄዱ መኪናዋ በርበሬ በረንዳ ጋ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ከኋላ ጥሩምባ፣ ከግራ ከቀኝ ስድብ። ወዛደሮች እትዬን ተሸክመው አንድ ሱቅ ደጃፍ አስቀመጧቸው፤ በርበሬው እያስነጠሳቸው፣ ሰው እያያቸው፣ እዚያ ሲያለቅሱ ቆዩ። በሳምንቱ ጋሼ ጋራዤ ድረስ በእግራቸው መጡ።

«ልሸጣት ነው ልጄ። ሌላ ለመግዛት እንኳ አቅሙ የለኝም፤ ግን ይብቃን። አንተ የምትችለውን ሁሉ አድርገሃል።»

የገዛት ነጋዴ በቁሟ አልፈለጋትም፤ ፈታትቶ ለመለዋወጫ ቸበቸባት። ሞተሯ ሶማሌ ተራ የነጋዴው ሱቅ ደጃፍ ተጥሎ አየሁት፤ ዞር ብዬ አለፍኩ።

ከወራት በኋላ አንድ ታክሲ ያንኑ በሽታ ይዞ መጣ። ሾፌሩ «ሞተሩ አይሞቅም፣ ራዲያተሩ ግን ወዲያው ለብ ይላል፤ ይሄ ነገር ጤና ነው?» አለኝ። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ጎማ ቱቦ ጨበጥኩት። እውነቱን ነው፤ ሞተሩ ከመነሳቱ ለብ ማለት ጀምሯል። ቴርሞስታት ስለሌለ ውኃው ሳይሞቅ ወደ ራዲያተሩ እየሄደ ይቀዘቅዛል። ከጣሳዬ የምትገጥመውን ፈልጌ መለስኩለት። ሞተሩ ሲሞቅ ጭሱ ጠፋ።

ዘይት ያቆሸሸው መሬት ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ሴንሰሮቹ አልዋሹም። የጋሼ መኪና ሞተር በእርግጥም አልሞቀም ነበር፤ አልሞቀም ሲባል ደግሞ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። ማሞቂያውም የሚሞቀው በዚያው ውኃ ነው። ጋሼ ገና ያኔ ነግረውኛል እኮ! የበሽታውን ስም በአፋቸው ሲነግሩኝ እኔ ሳቅኩባቸው። በገዛ እጄ ገድዬ፣ በገዛ እጄ ሳክም ከርሜያለሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማታውኑ ልናገር ቆርጬ ቤታቸው ሄድኩ። አንዲት ቴርሞስታት ኪሴ ከትቻለሁ፤ ምናልባትም ከጋሼ መኪና የነቀልኳት ናት። እትዬ መስኮቱ ሥር አልጋ ላይ ናቸው። ከዚያ የበርበሬ በረንዳ ቀን ወዲህ ከደጃፉ አልወጡም።

«ለመሆኑ» አሉ ጋሼ ወንበር እየሳቡልኝ፣ «ያቺ መኪና ምን ነበር የሆነችው? በኋላ አልታወቀም?»

ኪሴ ውስጥ ጨበጥኳት።

«እንጃ ጋሼ» አልኩ። «ሴንሰር ነው። ከመጀመሪያውም ለዚህ አገር የምትሆን አልነበረችም።»

ጋሼ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አላልኩሽም? የሱ ጥፋት አይደለም።»

እትዬ መረቁኝ። ስወጣም በሩን ጥብቅ አድርጌ እንድዘጋላቸው ለመኑኝ፤ እግራቸውን በርዷቸው ነበር።