የቤቶቹ ሳጥን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ትከሻዬን አሞኝ ጎንደር ራጅ ለመነሳት ወረፋ ስጠብቅ፣ አንዲት ነርስ የጨለማውን ክፍል በር ከፍታ ስትወጣ ኮምጠጥ ያለ የኬሚካል ሽታ ተከትሏት መጣና ደባርቅ፣ አባቴ ፊልም ያጥብባት ወደነበረችው ጠባብ ጓዳ ይዞኝ ሄደ።

አባቴ በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። የምንበላው ከመታወቂያ ፎቶ ቢሆንም ልቡ ያለው ግን ቤቶች ላይ ነበር። የድንጋይ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የፈረሰ ግንብ ሳይቀር በጥቁርና ነጭ ፊልም ያነሳ ነበር። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ገና ሳይነጋጋ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተሸክሞ ይወጣና ጥላው ግድግዳውን እኩል እስኪከፍለው ድረስ አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሌንሱ ላይ ቀይ መስታወት ሲገጥምበት ሰማዩ በፎቶው ላይ እንደ ከሰል ይጠቁርና ኖራ የተቀባው ግድግዳ ብቻውን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለአንድ ፎቶ ሦስት ጧት የተመላለሰበት ጊዜ አለ። ሰው ይስቅበት ነበር።

በበጋ በቅሎ ተከራይቶ ወደ ተራራው ይዘልቃል። አንድ ጥር፣ እኔ አሥር ዓመት ሲሞላኝ፣ አስከትሎኝ ደረስጌ ድረስ ሄድን። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ እስኪበተን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ትይዩ ቆሞ ሲጠብቅ፣ አንድ ሽማግሌ ቄስ መጡና፣

«ልጄ፣ ሰው የሌለበት ደጅ ምን ይረባሃል?» አሉት።

«አባ፣ ሰው ካለበት የሚያይ ሁሉ ሰውየውን ነው የሚያይ። የግንበኛውን እጅ የሚያይለት የለም።»

ቄሱ መቋሚያቸውን አንስተው ከበሩ ገለል አሉለት።

ከዚያ ሲመለስ ፊልሙን አጥቦ፣ እየቆረጠ በወረቀት ይጠቀልለዋል፤ «ጽሕፈትሽ ያምራል» እያለ የየቤቱን ስም የሚያስጽፈው እኔን ነበር። ሁሉም ከመኝታ ቤቱ አልጋ ሥር በተቀመጠ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይከተታል።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ከገበያው በታች ያለው ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የድንጋይ ቤት እስር ቤት ሆነ። አባቴ ይህን ቤት ደረጃው ደስ ብሎት ገና የእህል መጋዘን ሳለ አንስቶታል። ያን ጊዜ ሲያነሳ ያየው ሰው ነበርና «ጫካ ለገቡት የእስር ቤቱን ካርታ ይልካል» ተባለ። አንድ ረፋድ ሦስት ታጣቂዎች መጥተው፣ ለፎቶ የተቀመጠውን ተማሪ እንደተቀመጠ ትተው አባቴን ወሰዱት። ፎቶ ቤቱን ሲበረብሩ ጎረቤታችን እየሮጠች መጥታ ለእናቴ ነገረቻት።

እናቴ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትታ ምድጃው አጠገብ አደረሰችው። ማንበብ አትችልም።

«የእስር ቤቱ የቱ ነው? ቶሎ በይ!» አለችኝ።

ወረቀቶቹን እፈታ ጀመር። የምፈልገው «እስር ቤት» የሚል ጽሕፈት ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም። ነጋቲቩን ወደ ብርሃን ባነሳው ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ እየሆነብኝ ደረጃው ሁሉ አንድ መሰለኝ።

«ሁሉም ነው» አልኋት።

ክብሪቱን ጫረች። ፊልሙ እየተኮማተረ፣ እየተንጠባጠበ ነደደ፤ ደረስጌም በዚያው ሄደ። ታጣቂዎቹ ሲደርሱ አመድ ተጠርጎ ወጥቷል፤ ከእኛ የሠርግና የክርስትና ፎቶ በቀር ያገኙት አልነበረም። ያንኑ ቤት በራሴ እጅ «የእህል ቤት» ብዬ የጻፍሁት ትዝ ያለኝ በማግስቱ ነው።

ያ ክረምት ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጃችን ላይ የተኛበት ክረምት ነበር። እናቴ በየቀኑ ስንቅ ተሸክማ በጭቃው ትወርዳለች፤ ዕቃው ባዶውን ሲመለስላት በሕይወት አለ ብለን እናድራለን።

ማስረጃ አልተገኘበትምና በመስከረም ለቀቁት። ፀጉሩ ተላጭቶ፣ አንድ ጆሮው መስማት አቁሞ መጣ። በልቶ ሲያበቃ «ሳጥኑስ?» አለ።

እናቴ ወደ እኔ እንኳ አላየችም።

«አቃጠልሁት። ጨነቀኝ፣ ሁሉንም አቃጠልሁት።»

አባቴ እጁን ተመለከተና «ደግ አደረግሽ» አላት። እኔ የበሩን መቃን ተደግፌ ቆሜ ነበር።

ካሜራውን አልመለሱለትም። ያገለገለ ካሜራ ገዝቶ የመታወቂያ ፎቶውን ቀጠለ እንጂ ቤት የሚባል ነገር ዳግመኛ አላነሳም። በጥቅምት ጧት ሰማዩ ጥርት ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ፀሐይ ከፍ እስክትል ይተኛ ነበር። እውነቱን ሳልነግረው ሞተ።

አሁን ያ የድንጋይ ቤት ፈርሶ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሞበታል፤ ወጣቶች ደጁ ላይ በስልካቸው ሲነሳሱ ማንም ምን ትሠራላችሁ አይላቸውም። ባለፈው ፋሲካ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ስንቀር፣ «እማዬ፣ ሁሉም ነው ያልሁሽ እኮ እኔ ነበርሁ» አልኋት።

«አንቺማ ልጅ ነበርሽ። ክብሪቱ የነበረው እኔ እጅ ላይ ነው» አለችኝ።

ያኔ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ ሸክሜ ሁሉ ወርዶልኝ እሮጥ ነበር። አሁን እኔም የልጆች እናት ሆኜ ስሰማው ግን፣ በአባቴ ፊት የእኔንም ጥፋት ብቻዋን ተሸክማ «አቃጠልሁት» ያለችበት ሰዓት እየታየኝ ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።