ጳጉሜን የማያውቅ ሳጥን

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር ባለሙያነት ስቀጠር ሥራዬ በአብዛኛው ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ማውጣት ነበር። ፕሮግራም መጻፍ እንደምችል የሥራ ሂደት መሪያችን ያውቃል። ለእሱ ግን እውቀት ማለት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነገር ነው። የልደት መመዝገቢያ ሲስተም ሲያስፈልገን እኔን አልፎ ከዚያው ከአዲስ አበባ አማካሪ አስመጣ።

አማካሪው ሁለት ቀን ቆየና ሥራውን አሳየን። ስም የሚጻፍበት ሳጥን አለ፤ «መዝግብ» የሚል በተን አለ፤ የልደት ቀን የሚመረጥበት ትንሽ የቀን መቁጠሪያም አለ። ቀስቱን ሲጫኑት ወሩ ይቀየራል። መሪያችን አጨበጨበ። እኔ ወሮቹን አየሁ። መስከረም ሠላሳ አንድ ቀን አለው፤ ጥቅምት በሃያ ስምንት ያልቃል። ሰውየው የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ወስዶ የኛን የወር ስም ለጥፎበታል። አሥራ ሁለቱን ለጥፎ ሲጨርስ ጳጉሜ ቦታ አጥታ ቀርታለች።

«ጳጉሜስ?» አልኩት።

«የኔ እህት፣ አምስት ቀን ናት፤ ማን ያያታል?» ብሎ ሳቀ። መሪያችንም ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ለሳምንታት ወደ ፕሪንተር ወረቀቴ ተመለስኩ። አንድ ጠዋት አንድ የመስቃን በርበሬ ነጋዴ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገብተው መዝጋቢዋ ፊት ተቀመጡ። ልጃቸው የተወለደችው ጳጉሜ ሦስት ነው።

«አባባ፣ ሲስተሙ ጳጉሜን አይቀበልም። ነሐሴ ሠላሳ ልበላት?» አለቻቸው።

«ነሐሴ ሠላሳማ አልተወለደችም።»

«የሦስት ቀን ልዩነት ምን ለውጥ አለው?»

«ነሐሴ ሠላሳ እናቷ ገበያ ነው የዋለችው፤ አብሬያት ነበርኩ። ለመንግሥት ዋሽ ነው የምትዪኝ?»

ወረቀታቸውን አጣጥፈው ወጡ። እኔም ተነስቼ መሪያችን ቢሮ ገባሁና ላስተካክለው አልኩት።

«የአማካሪ ሥራማ አይነካም» አለኝ። ትንሽ አሰበና «ቀለሙን ግን ሰማያዊ ብታደርጊው ደስ ይለኛል» ሲል ጨመረ።

ቀለም ልቀይር ብዬ ፋይሉን ከፈትኩት። ሰውየው ያንኑ ኮድ ለአሥራ ሁለቱም ወር አሥራ ሁለት ጊዜ ገልብጦታል። ፊደል የሚቆጥር ሕፃን እንኳ እንዲህ አይደክምም። ሁሉንም አጠፋሁና እንደገና ጻፍኩት፤ አሥራ ሁለቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ፣ ጳጉሜ አምስት፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት።

ሆኖም ነሐሴ ሠላሳ ላይ ሆኜ ቀስቱን ስጫን ስክሪኑ ድርቅ ይላል። ከሌሎቹ ቀኖች ደግሞ አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ለካ የቀን መምረጫው ሳጥን ወር ሲቀይር የተመረጠውን ቀን ይዞ ነው የሚሻገረው፤ ጳጉሜ ውስጥ ገብቶ ሠላሳኛውን ቀን ይፈልጋል። ከመሻገሩ በፊት የሚቀጥለው ወር ስንት ቀን እንዳለው እንዲጠይቅ፣ የያዘው ቀን ከዚያ ከበለጠም መጨረሻው ቀን ላይ እንዲቆም አደረግሁት። ሁለት መስመር ብቻ ነበር።

ነጋዴውን አስጠራኋቸው። ጳጉሜ ሦስት ስክሪኑ ላይ ስትወጣ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ይቺን ለማስገባት ነው ይሄ ሁሉ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ያ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰውዬ ታዲያ ምን ሲሠራ ነበር?»

እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

በግምገማው ሰሞን መሪያችን ቀን መምረጫው ሰማያዊ በመሆኑ አመሰገነኝ፤ ቀጥሎም ያለ ፈቃድ ኮድ ነክታለች፣ ግለኝነት ይታይባታል አለ። ጠዋት ማታ በሥራዬ የሚጠቀሙት ሁሉ እጃቸውን አውጥተው ደገፉት። ያቺ መዝጋቢ ሳትቀር። ሂሴን ተቀብያለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ከነዚያ ሰዎች ጋር መከራከር ለእነሱ ክብር መስጠት መሰለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አማካሪው ደወለ። «የኔ እህት፣ ያንን ቀን መምረጫ ላኪልኝ እስቲ፤ ወልቂጤ ልጭነው ነው።» አላፈረም። ላክሁለት። ለእሱ ብዬ ሳይሆን፣ ከጉንችሬና ከአገና ልጅ ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ሰዎች ልጆቻቸው በትክክለኛው የልደት ቀናቸው እንዲመዘገቡላቸው ብዬ ነው።

ወልቂጤ ለሌላ ጉዳይ ስሄድ ቀን መምረጫውን አየሁት። አማካሪው ከሥሩ የራሱን ስም ጽፎበታል። እዚያ ያለችው መዝጋቢ «ይሄን የሠራው ሰውዬ ጭንቅላቱ!» አለችኝ። የቡታጅራው ሚኒባስ ሊሞላ ነበር፤ ወጣሁ።