«አንብቤዋለሁ» አልኳቸው

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባሌ አያውቀውም። የንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ጾም መሻሬን፣ አማቴን መቀየሜን፣ ሰው ማማቴን አንድ በአንድ ተናግሬ፣ ይህችን ግን ጥርስ መሃል እንደቀረ ሥጋ በምላሴ እየነካካሁ ይዣት ወጥቻለሁ። አንዴ አይደለም፤ በየዓመቱ ነው። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ለዚህ ይሆናል የደፈርኩት። ደፈርኩ ስላልኩ ደግሞ ጀግና አድርጋችሁ እንዳታዩኝ።

ኖተሪ ነኝ፤ ሰው ፊቴ ሲፈርም አይቼ ማኅተም የምመታ። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ሃቫና መንገድ ላይ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ጎን ጠባብ ክፍል አለችኝ። ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ኖሬ ወገቤ እምቢ አለኝ። ኖተሪ መሆን ቀላል ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እውነትም ቀላል ነው። የስቴቱን ትምህርት ኦንላይን ወሰድኩ፣ ፈተናውን አለፍኩ፣ ፈቃዴ ሲመጣ አራት ማዕዘን ማኅተሜን አሠራሁ። ስሜን ማኅተም ላይ ሳየው አለቀስኩ። ደንቡን እንደ ጸሎት በቃሌ ያዝኩት። ፈራሚው በአካል ካልቀረበ አታትሚ። መታወቂያውን እዪ። የሚፈርመውን አውቆ በፈቃዱ የሚፈርም ካልመሰለሽ መልሺው። የሕግ ምክር አትስጪ፤ ጠበቃ አይደለሽም። ይህችን የመጨረሻዋን ከሁሉ አብልጬ ወደድኳት፤ ለምን እንደወደድኳት ትደርሱበታላችሁ።

ደንብ ማወቅ ግን ደንበኛ አያመጣም። ሕጉ ለአንድ ፊርማ አስከፍዪ የሚለኝ ለሁለት ሰው ማኪያቶ ቢበቃ ነው፤ እሱም ሰው ሲመጣ። ቀኑን ሙሉ የፀጉር ማድረቂያ ጩኸት እየሰማሁ እውል ነበር። ባሌ ማታ ማታ «እንዴት ነበር ገበያ?» ማለቱን ሁሉ ተወ። ዝምታው ከጥያቄው ይልቅ አናደደኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። የእኛ ሰው ኖተሪን የሚለካው በአገር ቤቱ ውልና ማስረጃ ነው። እዚያ የመንግሥት ሠራተኛ ሰነዱን ያያል፣ ተዋዋዮቹን ይጠይቃል፣ ካላማረው ይመልሳል። እዚህ እኔ የማረጋግጠው የፈረመው ሰው ራሱ መሆኑን ነው እንጂ ወረቀቱ የሚጠቅመው ይሁን የሚጎዳው አይደለም። ይህን ለመጣው ሁሉ ማስረዳት ነበረብኝ። አላስረዳሁም። ማኅተሜን ከልኳ በላይ ሲያከብሩልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ዳዊት የሚባል የቤት ደላላ ነበር። ያኔ ከሌክውድ እስከ ኦሮራ ቤት የሚገዛ ሐበሻ ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል ይባል ነበር። አንድ ቀን ደወለልኝ። «ከእንግዲህ ክላየንቶቼን በሙሉ ላንቺ ነው የምልከው» አለኝ። ልቤ ዘለለ። ቀጥሎ፣ «ነገ እናቴን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ አንድ ወረቀት ሳይን ታደርጋለች። ማዘር ፎርም ስታይ ትጨናነቃለች፤ ብዙ አታስረዝሚባት» አለ። ወረቀቱን በኢሜይል ላከልኝ። ፕሪንት አድርጌ አነበብኩት።

አዎ፣ አነበብኩት። እናቱ እማማ አስካለ ሞንትቤሎ ሰፈር ያለ ቤታቸውን ለልጃቸው ለዳዊት ሙሉ በሙሉ እንደሚያስተላልፉ የሚገልጽ ነበር። በሕይወት እስካሉ ይኑሩበት የሚል አንድ ቃል የለውም። ያን ቤት አውቀዋለሁ፤ ዝክር ሲያወጡ በልቼበታለሁ። ኤርፖርት ውስጥ የሰው ዊልቸር ሲገፉ ኖረው የገዙት ቤት ነው። ጓሮው ጎመንና ጤና አዳም ነበረው። አውሮፕላን በላያቸው ባለፈ ቁጥር ቀና ብለው «በሰላም ያግባችሁ» ይላሉ፤ እኛ እንስቅባቸው ነበር። ቤቱን አውቄ፣ ሴትዮዋን አውቄ፣ ወረቀቱን አንብቤ፣ ለነገ ቀጠሮ ያዝኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። እኔ ገደሉን አይቼዋለሁ። የምገባበት እኔ ስላልሆንኩ ነው ሳሩን የጋጥኩት።

በማግስቱ እማማ አስካለ መንግሥት ፊት እንደሚቀርብ ሰው አምረው መጡ። ዳዊት መኪናውን ፓርክ አድርጎ ከኋላ ገባ። ሴትዮዋ ተቀምጠው መነጽራቸውን ፈለጉ፣ ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ አገላበጡት፤ እንግሊዝኛቸው ለመንገደኛ ማድረሻ እንጂ ለዚህ የሚሆን አልነበረም። «ለቤቱ ግብር እኔን ወክለህ እንድትሯሯጥ ነው አይደል?» አሉ ልጃቸውን።

«አዎ እማዬ» አለ።

ይህንን በጆሮዬ ሰማሁ። ሰማሁ ነው የምላችሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። በአዲስ አበባ የባላቸውን ቤት ሲሸጡ የውልና ማስረጃው ሰውዬ እንዴት አስቁሞ ውሉን እንዳስረዳቸው፣ እሱ ባይኖር ገዢው ሊበላቸው እንደነበር አጫወቱኝ። አጫውተው ሲያበቁ ጠየቁኝ።

«ትዕግሥት ልጄ፣ አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ፣ እማማ» አልኳቸው።

እስቲ ፍረዱኝ፣ ውሸት ነው? አንብቤዋለሁ። የትኛውም ዳኛ ቢያስምለኝ የምምልበት እውነት ነው። ግን እሳቸው የጠየቁኝ ስለ ዓይኔ ነበር? የጠየቁኝ «ልፈርም ወይ? ከለላ ትሆኚኛለሽ ወይ?» ነበር፤ እኔም «ይፈርሙ» አልኳቸው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። «እማማ፣ ይህ ውክልና አይደለም» ብል ምክር አይባልም፤ ወረቀቱ ራስጌ ላይ የተጻፈው ነው። ሰዎቹን ባሰናብት ደንቡ ራሱ ከኋላዬ ይቆም ነበር፤ የሚፈርመውን ያላወቀን ሰው መልሺ ይላላ። እኔ ግን ከደንቡ መሃል የምትመቸኝን መረጥኩ። ጠበቃ አይደለሁም፣ አልኩ በልቤ። በልቤ ደጋግሜ አልኩ። ሴትዮዋ የአማርኛ ፊደላቸውን እየለቀሙ ሲፈርሙ እኔ ማኅተሜን ይዤ እጠብቅ ነበር። አተምኩ። «እጅሽ ይባረክ» ብለው ጉንጬን ስመው ወጡ።

እጄም ተባረከ፤ ዳዊት ቃሉን ጠበቀ። ደንበኛ ጎረፈልኝ፣ የክፍሉ ኪራይ ቀለለኝ፣ ባሌ ስለ ገበያ መጠየቅ ጀመረ። ዳዊት ግን በእናቱ ቤት ላይ ተበደረ፣ ቤት ገዝቶ ሸጦ ሊያተርፍ ገባበት፣ ከሠረ፣ አንድ ቀን ቴክሳስ ሄደ ተባለ። እማማ አስካለ ቤቱ የእሳቸው አለመሆኑን ያወቁት ባንኩ በራቸው ላይ በለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ጎመናቸውን ነቅለው ለጎረቤት አካፍለው፣ ሊትልተን ሴት ልጃቸው ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ ገቡ። እዚያ አውሮፕላን አይሰማም።

ምን እንደሚሉ ደረሰኝ። «ልጄን ሥራ ከዳው እንጂ ክፉ አይደለም። ወረቀቱማ ትዕግሥት ያነበበችው ነው፤ ጉድ ቢኖርበት ዝም ትለኛለች? ባንኩ ነው ያጭበረበረ» ይሉ ነበር። ብለውም አላበቁም፤ ወረቀት ያለበትን ሰው ሁሉ ወደ እኔ መላክ ጀመሩ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከሐኪም ቤት ወረፋ ላይ። «እማማ አስካለ ልከውኝ ነው፤ አንቺ ታነቢያለሽ አሉኝ» ይለኛል የመጣው። አሁን አነባለሁ። ለመጣው ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፤ ያልገባውን ጠበቃ ፈልግ ብዬ እመልሳለሁ። ምስጉን ነኝ። ምስጋናዬ የተገዛው በምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ለንስሐ አባቴ እነግራቸው ነበር። የባሰው በኋላ መጣ።

ሴት ልጃቸው ሰላማዊት ጠበቃ ያዘች። ጠበቃው የቃለ መሐላ ወረቀት አዘጋጀ፤ «የፈረምኩት ምን እንደሆነ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም» የሚል። እሱ ላይ እማማ በኖተሪ ፊት ምለው ከፈረሙ ክሱ ይከፈታል፤ ካልፈረሙ የሚያዝ ነገር የለም። ሰላማዊት ሌላ ኖተሪ ልትወስዳቸው ብትለምን «ከትዕግሥት ሌላ አላምንም» አሏት። ይዛቸው መጣች። ያን ቀን እነሱን መመለስ ነበረብኝ፤ ነገሩ የሚነካኝ ሰው ነኝና ማተም አይገባኝም። አልመለስኳቸውም። ብመልሳቸው ለምን እንደሆነ ልናገር ነው።

ወረቀቱን አነበብኩላቸው፤ በአማርኛ፣ ቃል በቃል። ቀኝ እጃቸውን እንዲያነሡ ነገርኳቸው፤ አነሡ። «ይህ ቃል እውነት ለመሆኑ ይምላሉ?» አልኳቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህም ይጻፍብኝ።

እማማ አስካለ እጃቸውን አወረዱ።

«ይሄማ እውነት አይደለም» አሉ። «ትዕግሥት አንብባዋለች። ጠይቄያታለሁ እኮ፤ አንብቤዋለሁ ብላኛለች። ለቤት ብዬ በሐሰት ልማል? በዚህ ዕድሜዬ?»

ሰላማዊት ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «ትዕግሥት፣ ፕሊስ። ያን ቀን ኤክስፕሌይን አድርገሽላት ነበር? ጀስት የስ ኦር ኖ።»

«ሰላምዬ፣ እኔ ኖተሪ ነኝ» አልኳት። «ስለ ሰነድ ይዘት እንድናገር ሕጉ አይፈቅድልኝም።»

ሕጉ የከለከለኝ ምክር መስጠትን ነው። እውነት መናገርን የከለከለ ሕግ በኮሎራዶ የለም፤ በየትም የለም። «ኖ» ብል ይበቃ ነበር። እማማ ይምሉ ነበር፣ ክሱ ይከፈት ነበር፣ ምናልባት ቤቱ ይመለስ ነበር፣ እኔም ፈቃዴን አጣ ነበር። መዘንኩት። ሴትዮዋ ፊቴ ተቀምጠው ሳሉ መዘንኩት፣ ማኅተሜም ከእሳቸው ከብዶ ተገኘ። እሳቸው በሐሰት ላለመማል ቤታቸውን ተዉ፤ እኔ ክፍሌን ላለማጣት እሳቸውን ተውኩ። «ልጅቷን አታስጨንቂያት፣ ሥራዋ ነው» አሉ ልጃቸውን፣ ትከሻዬን ቸብ አድርገው ወጡ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። ይነቅዛል፤ እኔ ውስጥ አለ፣ ነቅዟል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው የወንድሙን ወረቀት ይዞ መጣ። ወንድሜ ሥራ ላይ ነው፣ ፊርማው ይኸውልሽ አለ። «ራሱ በአካል ካልቀረበ አላትምም» ብዬ መለስኩት፤ ተቆጥቶ ሄደ። በሩ ሲዘጋ የራሴ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፤ ይህን መጻፍ የጀመርኩትም ያኔ ነው።

እንግዲህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን አልበደልኩም፤ ይቅርታው በእጃችሁ አይደለም። ይህም ወረቀት ነው፣ እኔም በወረቀት ነው የላክሁት። እማማ አስካለ ሊትልተን ናቸው፤ እስከ በራቸው ነድቼ፣ ሞተር ሳላጠፋ ተመልሻለሁ። ቤቱን አውቀዋለሁ። በአካል አልቀረብኩም።