ጋሽ ተስፋጽዮን ያጠበቁት ቫልቭ

ጋሽ ተስፋጽዮን ኦክላንድ፣ ማካርተር ጎዳና ላይ፣ ባለ ሁለት ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ ከባለቤታቸው ከእታገኝ ጋር ይኖራሉ። ስልሳ ሊደፍኑ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ሥራቸው መኪናውን ኤርፖርቱ አጠገብ አቁሞ የሚበር መንገደኛን በሻትል አውቶቡስ ማመላለስ ነው። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን የምናውቃቸው በሌላ ነው። ወጣት ሳሉ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ የሞተር ሳይክል ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ በናይሮቢ በኩል ተሰደው ከመጡ በኋላም እጃቸው ሙያውን አልረሳም። መኪናው ሲያንኳኳበት መጀመሪያ ለእሳቸው የማይደውል የለም። "ስልክህን ኮፈኑ ሥር ያዘው" ይላሉ። ትንሽ ያዳምጡና "ውሃ ፓምፑን አሳየው" ይላሉ። ብዙ ጊዜ አይስቱም ነበር።

ናዖድም የደወለላቸው ለዚህ ነው። ናዖድ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከሚስቱ ከሐኒ ጋር ፍሩትቬል አካባቢ ይኖራል። ቀን ሳን ሆዜ አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን እያጠበና እያለበሰ ይሠራል፤ ማታ ኦክላንድ ተመልሶ የነርስነት ትምህርት ይማራል። ከሺፍቱ ወጥቶ ክላሱ ላይ ለመድረስ ያለው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ፍሪዌዩ ላይ መኪና ተገትሮ ይቆማል፤ እሱ ግን በአሮጌ አራት መቶ ሲሲ ሞተር ሳይክሉ በመኪኖቹ መሃል እያለፈ በሰዓቱ ይደርሳል። ባለፈው በጋ ታዲያ ከኢንጂኑ አናት ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ መስማት ጀመረ።

"ጋሼ፣ ሾፕ ልውሰደው ወይስ እርስዎ ያዩልኛል?"

"ለዚህ ሾፕ ምን ያደርግልሃል? ቫልቩ ክፍተት አብዝቶ ነው። ዓርብ አምጥተህ እዚህ አሳድረው። ኢንጂኑ በደንብ ካልበረደ አይለካም" አሉት።

ቫልቭና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ብረት ሲግል ያብጣል፤ ክፍተት ካጣ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ያልተዘጋውን ቫልቭ ደግሞ እሳቱ ከጠርዙ ይበላዋል። ክፍተቱ የሚለካው እንደ ማራገቢያ በሚዘረጉ ስስ የብረት ቅጠሎች ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ላይ ውፍረቱ በደቃቅ ቁጥር ተቀርጿል። ለናዖድ ሞተር ሳይክል የአየር ማስገቢያው ቫልቭ በአሥር ቁጥር፣ የጭስ ማውጫው በአሥራ አምስት ቁጥር ነበር የሚለካው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ተስፋጽዮን መኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፈው ተቀመጡ። ናዖድ አጠገባቸው ቆሟል። ታክሲ የሚነዳው ጎረቤታቸው ባዩ ደግሞ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ ሊያይ ወርዷል። ክዳኑን ፈቱ፣ ካንዴላውን አወጡ፣ ፒስተኑ ጫፍ ላይ እስኪደርስ ኢንጂኑን በእጅ አዞሩ። እስከዚያ ድረስ ሥራቸው ያምር ነበር።

ቅጠሎቹን ሲዘረጉ ቁጥሮቹ ተደባለቁባቸው። የሩቅ ዓይናቸው ደህና ነው፤ የቅርቡ ከከዳቸው ግን ሁለት ዓመት አልፎታል። የንባብ መነጽር ገዝተዋል፤ ፎቅ መሳቢያ ውስጥ ነው። ብረቱን ወደ ብርሃኑ ሲያዞሩት ባዩ አያቸው።

"ጋሼ፣ መነጽር ላምጣልዎት እንዴ?" አለና ሳቀ።

"እኔ የማነበው በጣቴ ነው" አሉ።

ናዖድና ባዩ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ተነስቶ መነጽር ማምጣት አልሆነላቸውም። አሥራ አምስት ነው ያሉትን ቅጠል መርጠው በጭስ ማውጫው ቫልቭ በኩል አስገቡ፤ ክፍተቱን የምታስተካክለውን ብሎን አዙረው ቅጠሉ ያዝ ሲያደርግ ዳዶውን አጠበቁ። የመረጡት ቅጠል ግን አምስት ቁጥር ነበር፤ ክፍተቱ ከሚገባው በጣም ጠበበ። ሞተር ሳይክሉ ሲነሳ ያ ድምፅ ጠፍቷል። ጠባብ ቫልቭ ድምፅ አያሰማም። ባዩ "ድምፁን ድራሹን አጠፉት እኮ" አለ፤ ናዖድም ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ናዖድ ከሥራ ሲመለስ ፍሪሞንት አካባቢ ኢንጂኑ አቅም አጣ፤ ከዚያም ጠፋና አልነሳ አለ። ያን ቀን ፈተና ነበረበት፤ ሳይፈተን ቀረ። ባዩ በሰው ፒክአፕ ጭኖ አመጣለት፤ ያው መኪና ማቆሚያ ውስጥ አቆሙት።

ማግስቱ የጋሽ ተስፋጽዮን የዕረፍት ቀን ነበር። ማንም በሌለበት መነጽራቸውን አድርገው ክዳኑን ከፈቱ። በጭስ ማውጫው ቫልቭ በኩል አንድም ቅጠል አልገባ አለ። የለኩበትን ያን ቅጠል ፈልገው ቁጥሩን አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ካርቶኑ ላይ ብዙ ተቀመጡ። እታገኝ ከፎቅ ወርዳ "ምን ሆኖ ነው የተበላሸው?" ስትላቸው "እያየሁት ነው" አሏት፤ ቀና ብለው አላዩአትም።

ማምሻውን ናዖድ መጣ። ፊቱ የጥፋተኛ ፊት ነበር።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደክመው የሠሩልኝን እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ዘይቱን በጊዜው አልቀየርኩም፤ ፍሪዌይ ላይም ሳልራራለት ነው የምነዳው።"

እውነቱን ለመናገር የቀለለ ሰዓት ያ ነበር። ቃሉ አፋቸው ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

"አይዞህ" አሉት፤ "ያጋጥማል።"

ናዖድ እጅ ነስቶ ሄደ። ጋሽ ተስፋጽዮን ያን ማታ ራት አልበሉም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ባሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው አዳራሹ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ፣ አንዱ ስለ ሞተር ሳይክሉ ጠየቀ። ናዖድ ሰው ሁሉ እየሰማ "ጋሽ ተስፋጽዮን አሳምረው ሠርተውልኝ ነበር፤ ስንፍናው የኔ ነው" አለ። ጋሽ ተስፋጽዮን መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሰው ስለ መኪናው ሲደውልላቸው ስልካቸውን አያነሱም ነበር። ቅዳሴም ሲሄዱ በኋላ በር ገብተው ቀድመው ይወጣሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐኒ ለእታገኝ ደወለች። ናዖድ በባቡርና በአውቶቡስ ከሁለት ሰዓት በላይ እየተጓዘ፣ ክላሱ ላይ ዘግይቶ እየደረሰ፣ በመጨረሻ ትምህርቱን አቋርጧል። እታገኝ ይህንን ራት ላይ ነገረቻቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"እታገኝ፣ ያንን ኢንጂን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ" አሉ።

ሁሉንም ነገሯት። እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና "ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሱ ንገረው" አለቻቸው።

ስልክ መደወል አልፈለጉም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ፈቃድ ወስደው ናዖድ በሚሄድበት መንገድ ሄዱ፤ አውቶቡስ ወደ ፍሩትቬል፣ ባርት በሚባለው ባቡር ሳን ሆዜ እስካለው ቤሪየሳ ጣቢያ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አውቶቡስ። ያ ልጅ ጠዋትና ማታ የሚመላለሰውን መንገድ በመቀመጫቸው ለኩት። ነርሲንግ ሆሙ በራፍ ላይ ቆመው ደወሉለት። ናዖድ ሰማያዊ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ክፉ ወሬ የመጣበት መስሎት እየሮጠ ወጣ።

"ሰው ሞተ እንዴ ጋሼ?"

"የሞተ የለም። ሞተርህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ማንበብ አቅቶኝ አጥብቄ አሰርኩት። መነጽር ለማምጣት አፍሬ ነው። ከተበላሸ ማግስት ጀምሮ አውቄያለሁ።"

ናዖድ ከበራፉ ፈቀቅ አለ። ከኋላው ዊልቸር የምትገፋ ሴት አልፋ ሄደች።

"ማግስቱን ነው ያወቁት?"

"ማግስቱን።"

"እኔ የመጣሁት እኮ በዚያው ቀን ማታ ነው።"

"አዎ።"

"ሰው ነዎት፤ ዓይን ይስታል። እሱን ይቅር ለማለት አልቸገርም። ግን ይቅርታ ስጠይቅዎት ቁጭ ብለው ሰሙኝ፤ ቤተ ክርስቲያንም በሰው ፊት ራሴን ስሰድብ ሰሙኝ። እሱን ምን እንደማደርገው አላውቅም።"

ናዖድ የዕረፍት ሰዓቱ አልቆ ስለነበር "በሰላም ይግቡ" ብሎ ተመለሰ። አቀፈኝ ወይም ሰደበኝ ብለው ለእታገኝ የሚነግሩት አንድም ነገር አልነበረም። ያን የመመለሻ መንገድ ከቤሪየሳ እስከ ፍሩትቬል በመስኮት እያዩ ጨረሱት።

እሑድ በፊት በር ገቡ። አዳራሹ ውስጥ ባዩ ወዳለበት ጠረጴዛ ሄደው፣ ሌሎችም እየሰሙ፣ "የናዖድ ጥፋት አይደለም፤ የኔ ነው" ብለው የሆነውን ተናገሩ። ባዩ የመነጽሩን ቀልድ አስታውሶ አቀረቀረ። ቀጥሎ ሁለት ቅዳሜ ሠሩ። የኢንጂኑን አናት አውርደው ቶርኖ ቤት ወሰዱ፤ የተቃጠለውን ቫልቭ አስቀየሩ፤ ያለ ማንም ተመልካች መልሰው ገጠሙ።

ሲያልቅ ለናዖድ ቴክስት አደረጉለት። መጣ። ክዳኑ እንደተከፈተ ነበር። ቅጠሎቹን ሰጡትና "አንተ ለካው" አሉት። ናዖድ ተንበረከከ፤ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፤ አስገባ፣ አወጣ።

"ልክ ነው" አለ። ትንሽ ቆየና "አንዴ ልድገመው" አለ፤ ደገመው። ጋሽ ተስፋጽዮን ወደ መሬት እያዩ ጠበቁት። ሊቆጡ አይችሉም፤ መብቱ ነው።

ናዖድ በጥር ትምህርቱን እንደገና ጀመረ። ሲገናኙ በአክብሮት ሰላም ይላቸዋል፤ ትከሻቸውን ግን አይስምም። በጸደይ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ስልካቸው ጮኸ፤ እሱ ነበር። ቤቱ ደጃፍ ላይ የኢንጂኑን ክዳን ራሱ ከፍቶ ቫልቩን እየለካ ነው።

"ጋሼ፣ ቅጠሉ ሲወጣ ምን ያህል ነው መያዝ ያለበት?"

"ከቅቤ ውስጥ እንደሚወጣ ቢላ፤ ይያዝ፣ ግን አይታገልህ" አሉት። "ዳዶውን ካጠበቅህ በኋላ ደግሞ መልሰህ ለካ፤ ሲጠብቅ ብሎኗን ይዟት ሊዞር ይችላል።"

"እሺ። አመሰግናለሁ" ብሎ ዘጋ።

እታገኝ ከኩሽና ሆና "ማን ነው?" አለቻቸው።

"ናዖድ ነው።"

"ምን አለህ?"

"ምንም" አሉ፤ "ስለ ሥራ ጠየቀኝ።"